ከታች ያለው ቫልቭ

መስከረም 12 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከታንከሩ እስከ መቅጃው ሳይቆራረጥ ይድረስሽ። እኔም፣ እናትሽም፣ ማደያውም ደህና ነን። ጤና፣ ጉልበትና ነገር የሚገባው አለቃ ይስጥሽ።

ሥራ መያዝሽን የጻፍሽበትን ደብዳቤ መጀመሪያ ለእናትሽ አነበብኩላት። ቀጥዬ ማደያው ሄጄ ለነዳጅ ቀጂዎቹ፣ ከዚያ ለባለማደያው፣ ከዚያ ደግሞ ጎማ ሊያስነፋ ለቆመ ለማላውቀው ሰው አነበብኩ። «የእህቴ ልጅ ሰው አገር የማደያ ቧንቧ ዘርጊ ሆና ተቀጠረች» ስለው፣ «እንኳን ደስ ያለህ፤ ጎማዬስ?» አለኝ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ የቧንቧ ነገር ሁሉም ሰው አይገባውም።

ለምን በስልክ አታወራም ትይኛለሽ። ስልክ ላይ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ሲባባሉ ጊዜው ያልቃል። ደግሞም ቧንቧ በአፍ አይሳልም። እኔ እጄ ካልተንቀሳቀሰ አሳቤም አይንቀሳቀስም።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ። እዚያ ያለው መሣሪያ የፈለገውን ያህል ቢራቀቅ፣ ቧንቧው ከማሽኑ ወደ ታንከሩ ማዘቅዘቁን አትርሺ። ነዳጅ ሥራው ሲያበቃ ወደ ቤቱ መመለስ ይወዳል። ቁልቁለት ካጣ መንገድ ላይ ይተኛል፤ የተኛ ነዳጅ ደግሞ ነገር ይፈልጋል። ሃያ ሁለት ዓመት የጮኽኩት ይህንኑ ነው። ሰው ስሜን ረስቶ «ውኃ ልክ» የሚለኝ ለምን ሆነና? ያቺን ቁልቁለት እንድትለኪባት የሰጠሁሽን ውኃ ልክ ከኪስሽ እንዳትለዪያት።

ትናንት ባለማደያው የዚያን የቫልቭ ታሪክ ለእንግዳ ሲያወራ ሰማሁት። ታስታውሻለሽ? ሦስተኛው ማሽን ጠዋት ጠዋት እየጮኸ በደረቁ ይስብ ነበር። ቀጂው መቅጃውን ይዞ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተገትሮ ይቆማል፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ቤንዚኑ አይመጣም። ማሽኑ ሥር ያለውን ቫልቭ ቀየርን፣ ለውጥ የለም። እኔ ታንከሩ ውስጥ ወርዶ በሚቆመው ቧንቧ ጫፍ ላይ ሁለተኛ ቫልቭ ጨመርኩ፤ ነዳጁን ወደ ላይ ያሳልፋል እንጂ ወደ ታች አይመልስም። በማግስቱ መቅጃው ገና ከመነሳቱ ቤንዚኑ መጣ። ባለማደያው ሰው ሁሉ እያየ አቀፈኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ፤ «ሲነሳ የሚመጣበት ማደያ» ተብሎ ሰው ከሩቅ ይመጣል። እዚያ ላሉትም ንገሪያቸው፤ ሰው አለን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ፎቶ ላኪልኝ። ያንቺን አይደለም፣ መልክሽ የእናትሽ ስለሆነ አልረሳውም። የቧንቧዎቹን፣ አፈር ሳይለብሱ።

አጎትሽ ውኃ ልክ


ጥቅምት 20 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ጭቃውን ከቻልኩት ወዲህ ደህና ነኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ወገብዎንም እንደ ቧንቧዎ ቀጥ አድርጎ ያቆይልኝ።

ፎቶዎቹን ልኬያለሁ። ሰማያዊዎቹ የእኔ ናቸው፤ ጀርባዋ የሚታየውም እኔ ነኝ። እዚህ ብዙው ማደያ እንደኛ ማሽኑ ከላይ አይስብም። ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ ተቀምጦ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ቧንቧው ሁልጊዜ ግፊት ላይ ነው። ቢቀደድ ነዳጁ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። ለዚህ ሲሉ ቧንቧ ውስጥ ቧንቧ ይከታሉ። የውስጠኛው ቢያፈስ የውጭኛው ይይዘዋል፣ በቁልቁለቱ ወርዶ ታንከሩ አናት ላይ ያለ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል፣ እዚያ ያለች ተንሳፋፊ ትነሳና ቢሮ ውስጥ ደወል ይጮኻል። ቁልቁለት እዚህም ቁልቁለት ነው፣ ጋሼ።

አለቃዬ በጨረር የሚለካ መሣሪያ አለው። የመጀመሪያው ቀን የእርስዎን ውኃ ልክ ሳወጣ ሳቀብኝ። የእሱ መሣሪያና የእርስዎ ውኃ ልክ አንድ ዓይነት ሲናገሩ ሳቁን ተወው። አሁን እሱ ራሱ «እስኪ ያቺን ትንሿን አምጫት» ይለኛል። እንዴት እንደኮራሁ አልነግርዎትም።

በኅዳር የሙያ ፈተና አለብኝ። ካለፍኩ የዘረጋሁትን መስመር በራሴ ስም መርምሬ እፈርማለሁ። ስለ መሳቢያ ማሽኖችም ይጠይቃሉ አሉኝ፤ ያን ጊዜ የእርስዎን ቫልቭ እጽፍላቸዋለሁ።

እናቴ በስልክ ስለ አጣቢዋ የውኃ ጉድጓድ አንድ ነገር ጀምራ «ተይው፣ ጋሼሽ ይጽፍልሻል» አለችኝ። ምንድን ነው ነገሩ?

የምትወድዎት የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 25 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሥራሽን ያቅናልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶ ነው።

ፎቶዎችሽ ማደያው ቢሮ ውስጥ መስታወት ሥር ናቸው። ባለማደያው «የትኛዋ ናት?» ሲል ጀርባሽን አሳየሁት። «ጀርባዋ ያንተን ይመስላል» አለ፤ ሙገሳ መሆኑን ለማጣራት ጊዜ አልነበረኝም። ቧንቧ ውስጥ ቧንቧ ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። ሁለት ካፖርት ደርቦ የሚሄድ ሰው ልብስ ሰፊውን አያምነውም ማለት ነው። የእኔ መጋጠሚያ ብቻውን ይቆማል።

እናትሽ ታማለች፣ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ጉንፋን ነው። ጣሪያውን አድሻለሁ። የበሩም ማጠፊያ ተቀይሯል።

ሦስተኛው ማሽን ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ማዛጋት ጀምሯል። ከታች ያለው ቫልቭ አርጅቶ ይሆናል፤ ሦስተኛ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ካለሽበት አገር ጠንካራ፣ የነሐስ፣ አንድ ቫልቭ ላኪልኝ። የፈተናሽንም ወረቀት ቅጂ ላኪ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ቦታ ለቅቄለታለሁ፣ ሚስማሩም ተመትቷል።

አጎትሽ

ስለ አጣቢዋ የጠየቅሽኝ፦ ከማደያው ኋላ የምትኖረዋ ሴትዮ ናት፣ ታውቂያታለሽ፣ የሰው አልጋ ልብስ የምታጥበዋ። ጉድጓዴ ቤንዚን ሸተተ፣ አንሶላው ሁሉ ሸተተ፣ ደንበኛ መለሰብኝ እያለች ሰፈሩን ታውካለች። የመካኒክ ቱታ ከአንሶላ ጋር ቀላቅላ እየዘፈዘፈች መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። በእኔ ቧንቧ የሚመጣ ሰው ገና አልተወለደም።


ጥር 19 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን አሉልኝ? እናቴ ከጉንፋኑ በመዳኗ ተመስገን።

ፈተናውን ወድቄያለሁ። ቀድሜ ይህንን ልበልዎት፣ አለዚያ ደብዳቤውን መጨረስ አልችልም።

የወደቅኩት በአንድ ጥያቄ ነው። «በመሳቢያ መስመር ላይ የማይመልሰው ቫልቭ የት ይቀመጣል? ለምን?» ይላል። እኔ ከደስታዬ ብዛት ወረቀቱ ጠበበኝ። ማሽኑ ሥር አንድ፣ ታንከሩ ውስጥ አንድ፣ አጎቴ እንዲህ አድርጎ ዘጠኝ ዓመት ቆሟል ብዬ ጻፍኩ። ፈታኙ ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ጠርተው አስረዱኝ፤ እኔም ተከራከርኳቸው። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የአጎቴን ሥራ አላዩትም!» አልኳቸው። ወረቀት አወጡና ሣሉልኝ። እኔም ያንኑ ለእርስዎ ስያለሁ፤ ገጹን ይገልብጡት።

በግራ በኩል ቫልቩ ማሽኑ ሥር ብቻ ነው። ቧንቧው የሆነ ቦታ ቢላላ፣ ማሽኑ ሲቆም በዚያ ቀዳዳ አየር ይገባል፤ ቧንቧው ውስጥ የነበረው ነዳጅ በቁልቁለቱ ወደ ታንከሩ ይወርዳል። መሬት ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ጠዋት ማሽኑ በደረቁ ይስባል። ጋሼ፣ እሱ ብልሽት አይደለም። ቧንቧው «ተከፍቻለሁ» እያለ ነው።

በቀኝ በኩል ቫልቩ ታንከሩ ውስጥም አለ። ነዳጁ መመለሻ የለውም። ቧንቧው ሞልቶ ያድራል፤ በላላው ቦታ ጠብ ጠብ እያለ መሬት ይገባል። ማሽኑ ግን መቅጃው ሲነሳ ያመጣል። ሰው ያመሰግናል።

ነዳጅ ወደ ቤቱ መመለስ ይወዳል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በሩን የዘጋንበት እኛው ነን። አሁን ማዛጋት የጀመረው ቫልቩ አርጅቶ አይመስለኝም፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ነው። ዘጠኝ ዓመት፣ ጋሼ። አጣቢዋም ከቁልቁለቱ በታች ነው የምትኖረው።

ቫልቭ አልልክልዎትም። ዛሬውኑ ሦስተኛውን ማሽን ያቁሙት። ለእናቴ በስልክ ነግሬያታለሁ፤ አጣቢዋ ከጉድጓዱ እንዳትቀዳ ሄዳ ትነግራታለች። ለእርስዎ ግን ካልሳልኩልዎት እንደማይሆን ስለማውቅ ነው የጻፍኩት። ፍተሻው እንዲህ ነው፦ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ወደ ታንከሩ መልሰው፣ መስመሩን ከሁለቱም ጫፍ ይድፈኑ። የጎማ መንፊያ አየር አይሙሉበት፤ የቀረው የነዳጅ ትነት ከአየር ጋር እሳት ይፈልጋል። በያጆቹ ዘንድ ናይትሮጂን የሚባል እሳት የማያነሣ ጋዝ አለ። ግፊቱን ሞልተው የግፊት መለኪያው መርፌ እስኪረጋ ይታገሡ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ይመልከቱት። ከወረደ ቆፍረው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይቀቡት።

ያለ እርስዎ መፍቻ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ አላውቅም ነበር። የምኮራብዎትን ያህል የምኮራበት ሰው የለም፤ አንድ ቫልቭ ይህንን አይለውጠውም።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 20 ቀን

ጋሼ፣

ሁለት ወር ሆነ። እናቴ «ደህና ነው» ብላ ወሬ ትለውጣለች። ተቀይመውኝ ከሆነ ተቀይሜያለሁ ብለው ይጻፉልኝ፤ እሱንም ቢሆን ደስ ብሎኝ አነበዋለሁ። ግን ማሽኑን አቁመውታል? ይህንን ብቻ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 28 ቀን

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ይህንን ለያዘ እጅሽ። እግዜር ያክብርሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ከሁለት ወር በፊት ግን ደህና አልነበርኩም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን አጣጥፌ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ወረወርኩት። «ትናንት ያስተማርኳት!» ብዬ እናትሽ ላይ ጮኽኩ። እሷም «ባታስተምራት ኖሮ ማን ይነግርህ ነበር?» ብላኝ ወደ ሥራዋ ዞረች። አሥር ቀን ለወረቀትሽ የመታሁትን ሚስማር እያየሁ ተቆጣሁ። ማሽኑን አላቆምኩም። ይህንን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፣ ግን አላቆምኩም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ቀጂው መቅጃውን አነሳ። ማሽኑ ጮኸ፣ ሳበ፣ ሳበ፣ ምንም የለም። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። እኔም ቆሜ «ተከፍቻለሁ» ሲል ሰማሁት። እውነቴን ነው። ዘጠኝ ዓመት አፉን የያዝኩት ያንን ነበር። ሄጄ መብራቱን ከማሽኑ ቆረጥኩና ሥዕልሽን ከሣጥኑ አወጣሁ።

ባለማደያው መጀመሪያ አልተስማማም። «ሰው ቁፋሮ ካየ ምን ይላል?» አለ። «ውኃ ልክ ተሳስቶ ነበር ይላል» አልኩት። ሄዶ ገመድ አመጣ። የማደያው አጥር ሥር በገመድ ከለልን፣ እንዳልሽውም ናይትሮጂን አመጣን። መርፌዋ ረጋች። ወንበር አስመጥቼ ፊቷ ተቀመጥኩ። እንድትቆም ለመንኳት፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለመንኳት። በግማሽ ሰዓት ወረደች።

ቆፈርን። መጋጠሚያዎቹን በእጄ ጠረግኳቸው፣ ሁሉም የእኔ እጅ ናቸው፣ በእያንዳንዱ ላይ የመታሁት ምልክት አለ። ለአረፋ የሚሆን ሳሙና ጎደለኝ። ማን ጋ እንደሚገኝ ታውቂያለሽ።

በሯን አንኳኳሁ። «ሳሙና ልበደር» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የመካኒክ ቱታ ልታጥብ ነው?» አለችኝ። ይገባኛል። «አይደለም፣ ያልሽው እውነት መሆኑን ላረጋግጥ ነው» አልኳት። ባልዲዋን ይዛ ራሷ መጣች። እኔ አረፋ ስመታ «እንዲህ አይመታም፣ ወንድሜ» ብላ ቀማችኝ። የቆፈርነው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተንበርክካ በብሩሽ ቀባችልኝ፤ አረፋዋ ወፍራም ነው፣ አይፈርስም። አንደኛው ዝም፣ ሁለተኛው ዝም፣ ሦስተኛው ዝም። በአራተኛው ላይ እኔ ምንም አላየሁም። እሷ ግን «ይኸው» አለች። ከሥር በኩል፣ አፈር ላይ ተኝቶ በነበረው ወገኑ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ትነፋለች፣ ትፈነዳለች፣ ትነፋለች። ዝገት ጥርሱን ከውስጥ በልቶታል። ሥሩ ያለው አፈር ጠቁሯል፣ ይሸታል።

«የእኔ ነው» አልኳት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰደብኩሽም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ቀጂዎቹ፣ ባለማደያው፣ ጎማ የሚያስነፉት ሁሉ ቆመው ነበር። እሷም ብሩሿን ባልዲ ውስጥ አጥባ፣ «ማን ነገረህ?» አለችኝ። «የእህቴ ልጅ» አልኳት። «እንግዲያው እሷን አመሰግናለሁ። አንተን ገና እያሰብኩበት ነው» አለች። እያሰበችበት ነው።

የጠቆረውን አፈር በሙሉ አስወጣን። ጉድጓዷ ቶሎ አይጠራም፤ መርማሪዎች መጥተው ናሙና ወስደዋል፣ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል ብለዋል። ላታልልሽ አልፈልግም። እስከዚያው ከማደያው የውኃ መስመር ደጇ ድረስ ቧንቧ ዘርግቼላታለሁ፣ ባለማደያው ተስማምቷል። የነዳጁን መስመር ደግሞ ከታንከሩ እስከ ማሽኑ አዲስ ዘረጋሁ። ቧንቧ ውስጥ ቧንቧ ነው። አዎ፣ ሁለት ካፖርት። አትሳቂ። ከታች ያለውን ቫልቭ አውጥቼዋለሁ፤ ማሽኑ ሥር ያለው ብቻ ቀርቷል። ናይትሮጂን ሞላንበት፣ ወንበሬን አስመጣሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። በማግስቱ ጠዋት ቀጂው መቅጃውን ሲያነሳ ቤንዚኑ መጣ። ያለ ምንም ድብብቆሽ መጣ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ባለማደያው ያቀፈኝ ቀን እንኳ።

የጥገና መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስህተቱን የሠራው፣ ውኃ ልክ። ስህተቱን ያገኘችው፣ የእህቱ ልጅ።» ባለማደያው የመጀመሪያውን መስመር ክፍት ተወው ቢለኝ እምቢ አልኩ። የመጀመሪያው ከሌለ ሁለተኛውን ማን ያምነዋል?

ለፈተናሽ ወረቀት የተመታው ሚስማር ላይ ሥዕልሽን ሰቅዬዋለሁ። አዲስ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ፊቱ ቆሞ ግራና ቀኙን ሳያስረዳኝ መፍቻ አይነካም።

ቫልቩን ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። አጥቤዋለሁ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ጠረጴዛሽ ላይ አድርጊው። ሰው ሲጠይቅሽ የአጎቴ ነው በይ፣ አትደብቂኝ። አጣቢዋም አንዲት ጥቅል ልካልሻለች፤ «ከዚያ ከቫልቩ ጋር እንዳትገናኝ» ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች። ፈተናውንም ድገሚ።

አጎትሽ ውኃ ልክ


ሰኔ 3 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንዴት እንደማመሰግንዎት ቃል አጣሁ። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እኔን የሚያርሙበትም፣ እኔ እርስዎን የማርምበትም።

ፈተናውን ደግሜ አልፌያለሁ። ቫልቩን ይዤ ነው የገባሁት። ፈታኙ ሽማግሌ ያን ጥያቄ ሲያነሱ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አሽተውት ፊታቸውን አዞሩ። «የማን ነው?» አሉኝ። «የአጎቴ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ፣ በራሱ እጅ አውጥቶ፣ ስሙን መዝገብ ላይ ጽፎ ላከልኝ» አልኳቸው። ተነሥተው ጨበጡኝ። «ይህንን ለአጎትሽ አድርሺልኝ» አሉ፤ ስለዚህ ይህ የእጅ ሰላምታ የእርስዎ ነው።

የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ልኬያለሁ፤ ሥዕሉን ግን ከሚስማሩ እንዳያወርዱት፣ ሌላ ሚስማር ይምቱ። ትናንት የመጀመሪያውን መስመር በስሜ ፈርሜያለሁ። ከመፈረሜ በፊት የእርስዎን ውኃ ልክ ቧንቧው ላይ አስቀምጬ አየሁ። ያዘቀዝቃል፣ ጋሼ። ወደ ቤቱ ያዘቀዝቃል።

የአጣቢዋንም ጥቅል ፈታሁት። ነጭ መሐረብ ነው። ከላዩ ላይ በሰው ያስጻፈችው «በአዲሱ ውኃ የታጠበ፤ አሽትቺው» የሚል ወረቀት ተሰክቶበታል። ከቫልቩ ርቄ፣ መስኮቱን ከፍቼ አሸተትኩት።

ይንገሩልኝ፤ ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው።

የእህትዎ ልጅ